ሁለት ደቂቃ

በር ከፍቶ መግባት፣ ክፍሉን አቋርጦ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሰው ጋር ሁለት ዐረፍተ ነገር መለዋወጥ። የመጀመሪያው መለማመጃችን ይኸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በፈረንጆቹ 2012 መስከረም ላይ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ገብቼ ሚዲያ መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ። «በር መክፈት ምን ያቅታል?» ብዬ ስቄ ነበር። ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት በር ስንከፍት አረፈድን።

የቀረጽነውን ስክሪን ላይ ስናየው፣ ደጅ ቆሜ እጀታውን የያዝኩት በቀኝ እጄ ነው፤ ወደ ውስጥ ስገባ ግን በግራ። ደጅ ላይ ትከሻዬ ላይ የነበረው ቦርሳ ክፍሉ ውስጥ የለም። ከሁሉ የከፋው ከተቀመጥኩ በኋላ ያለው ነው። እኔም የማነጋግራት ልጅም ሁለታችን ወደ አንድ አቅጣጫ እናያለን። አውቶቡስ የሚጠብቁ መንገደኞች እንጂ የሚጨዋወቱ ሰዎች አንመስልም። መምህራችን መጥታ ከእኔ ወንበር እስከ ልጅቷ ወንበር ድረስ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችና «ካሜራው ከዚህ መስመር አይሻገርም» አለች። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለው ይህ ነው። በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል የማይታይ መስመር አለ፤ ካሜራው በአንዱ ወገን እስከቆየ ድረስ ተመልካቹ ማን ወደ ማን እንደሚያይ አይጠፋበትም። ከተሻገረ ግን ተመልካቹ ክፍሉ ውስጥ ዞሮበት ይቀራል።

መምህራችንን «አለች» ማለቴ ለአማርኛ ጆሮ እንደሚሻክር አውቃለሁ። እናቴ እስከ መጨረሻው ድረስ «መምህርህ ምን አሉ?» እያለች ነው የምትጠይቀኝ። እኛ ግን «ሚስ» ነበር የምንላት፤ እንግሊዝኛው አንቱታ የለው፤ እስካሁንም ሳስታውሳት የምትመጣልኝ «አንቺ» ሆና ነው።

ዋናው ሥራ ገና ያልተሠራ የአንድ ፊልም መክፈቻ ነበር። የስም ዝርዝሩን ጨምሮ ከሁለት ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ከመቶው ማርክ ስድሳው የቀረጻውና የኤዲቱ ነው፤ ሃያው የጥናትና የዝግጅቱ፤ የቀረው ሃያ ደግሞ ስንጨርስ ሰባት ጥያቄ ተሰጥቶን ራሳችንን የምንገመግምበት። ምስሉ ሁሉ የራሳችን መሆን አለበት፤ ሙዚቃውም ወይ ራሳችን የሠራነው ወይ ማንም «የእኔ ነው» ብሎ የማይጠይቅበት። በቡድን ከአራት ሰው በላይ አይፈቀድም። እኛ ልክ አራት ነበርን። ወላጆቿ ከባንግላዴሽ የመጡ ካሜራ ያዥ፣ ተዋናይ መሆን የምትፈልግ ጋናዊት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጣብቆ የሚውል ፖላንዳዊ፣ እና እኔ።

ሁለት ደቂቃ ሲባል ንቀነው ነበር። ፖላንዳዊው ጣቱን እያንቀሳቀሰ በሰከንድ 25 ፍሬም ብሎ አባዛና «ሦስት ሺህ ፎቶ ማለት ነው» አለን። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ ፊልም ልንሠራ መሆኑን ነገርኳት።

«የምን ፊልም?» አለችኝ ድስቷን እያማሰለች።

ትሪለር የሚለውን በአማርኛ ፈለግሁት። «ልብ አንጠልጣይ።»

«ለዚህማ ትምህርት ቤት መሄድ ምን ያስፈልግሃል? የእኔን ልብ አንጠልጥለህ ታመሽ የለ!»

ቅርጫት ኳስ ተጫውቼ ስመለስ ሁልጊዜ የስልኬ ባትሪ ያለቀ ስለሚሆን ነው። እናቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስታ ቢሮ ልታጸዳ የምትሄድ ሴት ናት። በጊዜ መተኛት አለባት። እኔ ሳልገባ የተኛችበትን ቀን ግን አላስታውስም። መብራቱን ታጠፋና መጋረጃውን አንድ ጣት ያህል ገልጣ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ከታች ከመንገዱ ሳያት ጣቷ ብቻ ነው የሚታየኝ።

*

ሂችኮክ የሰፈር ሰው ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በፈረንጆቹ 1899 የተወለደው ሌይተንስቶን ውስጥ፣ አባቱ አትክልት ከሚሸጡበት ሱቅ በላይ ባለው ቤት ነው። ዛሬ ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ ነዳጅ ማደያ ቆሟል። በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያው መግቢያ ግን ከፊልሞቹ የተወሰዱ 17 ትልልቅ የሞዛይክ ሥዕሎች ግድግዳው ላይ አሉ። ለዓመታት በአጠገባቸው ሳልፍ ወፍ የበዛበትን ሥዕል የወፎች ጥበቃ ማስታወቂያ አድርጌ ነበር የማየው። መምህራችን «እስቲ ነገ ስትመጡ ቀና ብላችሁ እዩት» ባትለን ኖሮ ዛሬም እንደዚያው ባለፍኩ።

የቦምቡን ነገር የነገረችንም እሷ ናት። ሂችኮክ ፍራንሷ ትሩፎ ለሚባለው ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ያስረዳው ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ሳይታሰብ ከሥር ቦምብ ይፈነዳል። ተመልካቹ አሥራ አምስት ሰከንድ ይደነግጣል፤ አለቀ። አሁን ያንኑ ወሬ ሳትነካው፣ ቦምቡ ከሥር መኖሩንና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ለተመልካቹ ብቻ አስቀድመህ አሳየው። ግድግዳው ላይ ሰዓት ስቀልለት። ያ የማይረባ ወሬ ተመልካቹን አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ወንበሩ ላይ ያቁነጠንጠዋል፤ «ተነሱ እንጂ!» ሊላቸው ይቃጣዋል። ድንጋጤና ስጋት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ገባን። ካሜራ ይዘን ስንወጣ ግን ሁላችንም ረሳነው።

ሰቨን የተባለውን፣ በፈረንጆቹ 1995 የወጣውን የዴቪድ ፊንቸር ፊልምም አይተናል፤ ያየነው ግን የስም ዝርዝሩን ብቻ ነው። ፊልሙ እንግሊዝ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው ክልክል ስለሆነ መምህራችን ሁለት ደቂቃውን አሳይታ ልክ ሲያልቅ ቁልፉን ትጫናለች። የስም ዝርዝሩን የሠራው ካይል ኩፐር ነው። ፊት የለም። የጣቱን ቆዳ በምላጭ የሚላጭ፣ ደብተር የሚሰፋ፣ ከፎቶ ላይ የሰው ፊት የሚሰርዝ እጅ ብቻ። ፊደሎቹ በመርፌ የተጫሩ ይመስላሉ። የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነ አይነገርህም፤ ግን ይህ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ አይቸኩልም። ደጋግመን አየነው። ጋናዊቷ በሦስተኛው «እናቴ ዓሣ ስትበልት እንዲህ ናት» ብላ አሳቀችን።

ሳይኮ ከተባለው የሂችኮክ ፊልም የመታጠቢያ ቤቱን ትዕይንት ፖላንዳዊው ፍሬም በፍሬም እያቆመ ሊቆጥረው ሞክሮ መሃል ላይ ተወው። ሦስት ሩብ ደቂቃ ያህል የሚሆነውን ያን ነገር ለመቅረጽ ሰባት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ቢላዋው ሥጋ ሲወጋ የሚሰማው ሐብሐብ መሰል ፍሬ ሲወጋ የተቀዳ ድምፅ ነው። በርናርድ ኸርማን ለሙዚቃው የተጠቀመው ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ነው፤ ከበሮም መለከትም የለበትም። ሐብሐቡ ያኔ ለወሬ ያህል ነበር የጣፈጠን፤ በኋላ ግን የሚያድነን እሱ ሆነ።

*

የመጀመሪያው ሐሳባችን ሐሳብ አይባልም። አንዲት ልጅ በምሽት ትሄዳለች፤ ኮፍያ ያለው ሹራብ የለበሰ ሰው ይከተላታል፤ ትሮጣለች፤ ጨለማ። ከክፍሉ ሰባት ቡድን አምስቱ ይህንኑ ነበር የያዙት፤ ሦስቱ ደግሞ ኤፒንግ ጫካ ሄደው። በዚያ ክረምት ከጫካው ዛፍ ይልቅ የምትሮጥ ልጅ የበዛች ይመስለኝ ነበር። ቢላዋ፣ የውሸትም ቢሆን፣ ደጅ ይዞ መውጣት በጥብቅ ተከልክለናል፤ ስለዚህ ገዳያችን ባዶ እጁን ነው።

«ገዳዩ ማን ይሁን?» ስንባባል ሦስቱም እኔን አዩ።

«ረጅም ስለሆንክ ነው» አለች ካሜራ ያዧ፣ ፈጥና።

ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም መቀረጽ ደስ ብሎኝ ነበር። በአንድ የእግረኛ መሿለኪያ ውስጥ ከጋናዊቷ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሆኜ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። በማግሥቱ ስናየው ቀረጻው በሙሉ ይርገበገባል። የእንግሊዝ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ ካሜራችን ግን እንደ አሜሪካው በ60 ተስተካክሎ ነበርና የመሿለኪያው መብራት ሁሉ ዓይኑን ያርገበግባል። ፖላንዳዊው ሊያስተካክለው ሲታገል እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ጀርባዬን። ኮፍያ ያጠለቀ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተ ረጅም ጥቁር ልጅ። እኔ ራሴን አስፈራኝ።

መምህራችን ከኋላችን ቆማ አየችው። ስለ መርገብገቡ አንድም አልተናገረችም።

«ይኼ ልጅ ማነው?» አለች።

«ገዳዩ።»

«በምን አወቃችሁ?»

«ይከተላታላ!»

«ወዴት እየሄደ ነው?»

ዝም። ከሰባቱ የመገምገሚያ ጥያቄዎች አንዱ «ሥራችሁ የተለያዩ የኅብረተሰብ ክፍሎችን እንዴት ይወክላል?» የሚል መሆኑን አስታውሳን ወደ ሌላው ቡድን ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ምናልባት ወደ ቤቱ እየሄደ ቢሆንስ?» አለች።

እውነቷን ነበር። ያ መሿለኪያ የቤቴ መንገድ ነው፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ማታ ከፊቴ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ካለች እርምጃዬን እንደምቀንስ፣ ወይም ስልክ የማወራ መስዬ መንገድ እንደምሻገር፣ ለጓደኞቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ያን ዕለትም አልነገርኳቸውም። «እሺ፣ ወደ ቤቱ ይሂድ» ብቻ ነው ያልኩት። ካሜራ ያዧ ደብተሯ ላይ አሥራ አራቱን ምስል በካሬ በካሬ የሣለችበትን ገጽ ቀደደችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ቤቱ መድረስ ግን ቀላል አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ ያለ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ላይ ልንቀርጽ ስንሞክር ጥበቃው ፈቃድ ጠየቀን፤ ፈቃድ የሚባል ነገር እንዳለ የሰማነው ያኔ ነው። በሌላ ቀን ዘነበ። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ለንደን ላይ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከትምህርት ወጥተን ካሜራውን እስክንሰካ ቀኑ አልቋል። የምሽት ብርሃን የምንለው ያ ሰማያዊ ነገር ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆይም። አንድ ጊዜ መንገድ ሲሻገር ቀን የነበረው ልጅ ማዶው ላይ ሲደርስ ሌሊት ሆኖበታል።

«በቃ፣ ቤት ውስጥ እንሥራው» ያለው ፖላንዳዊው ነው። «የማን ቤት?» ሲባል እንደገና ሦስቱም እኔን አዩ።

*

እናቴ ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። ጫማ ይወልቃል፤ የእሷ ፊት አይቀረጽም። ሁለተኛውን ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከመምጣታቸው በፊት ግን ቤቱን እንደ ዓመት በዓል አጥባ፣ ሽሮና ምስሩን ሠርታ ነበር። ጾመ ነቢያት ስለነበር የሥጋው ጥያቄ አልተነሳም፤ ካሜራ ያዧ ሃላል ይሁን አይሁን ሳትጨነቅ በላች። «ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ፣ ፊልም በባዶ ሆድ ነው እንዴ?» ትላለች እናቴ፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ ሁለተኛው ዙር እንጀራ ሲመጣ ግን መተርጎም አላስፈለገም።

ታሪኩን የሠራነው ምሳ በልተን ቡናው እየተቆላ ነው። ካሜራ ያዧ የረከቦቱን ሲኒዎች አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና «ስንት ጊዜ ነው የምትጠጡት?» ብላ ጠየቀች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ነገርኳት፤ ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት ነውር መሆኑን ጨምሬ።

«እና ሰው ሁለተኛው ላይ ተነስቶ ቢጠፋስ?»

ይኸው ሆነ። ኮፍያውን ያጠለቀ ልጅ በመሿለኪያው፣ በደረጃው፣ በሦስተኛ ፎቅ በረንዳው በኩል ይመጣል። ሰው ያያል፤ ሰውም ያየዋል፤ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ጠበቅ ታደርጋለች። ከበሩ ሲደርስ ቁልፉን ያወጣል። በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ኮፍያውን ያወርዳል። ልጅ ነው፤ ፊቱን ያየነው ገና አሁን። «እማዬ?» ይላል። መልስ የለም። ጫማዋ አለ፣ ካፖርቷ ተሰቅሏል። ረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ። አንዱ አተላው ብቻ ቀርቷል። ሌላው ሙሉ ነው፤ ይጨሳል። ጨለማ። የፊልሙ ስም፦ ቶና።

ከእንፋሎቱ ጋር የተጋደልነው ሌላ ታሪክ ነው። ዓይናችን የሚያየውን እንፋሎት ካሜራው አያየውም። ከኋላው ጥቁር ነገር፣ ከጎንና ከጀርባው ደግሞ መብራት ካላገኘ ስክሪኑ ላይ ቡናው የቀዘቀዘ ነው። ጥቁር ነጠላ ማን አለው? የሐዘን ልብስ ከሳጥን ወጣና ከረከቦቱ ጀርባ ተሰቀለ፤ እናቴ አማተበች፣ ግን አልከለከለችም። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ይበረታልና መስኮቱን ከፈትን፤ ያኔ ነው የተቆጣችው፤ «ማሞቂያውን ማን ይከፍልላችኋል?» ሲኒው ለአሥራ አራት ጊዜ ተቀዳ። ከሁለተኛው ጀበና በኋላ ማንም ሌሊቱን አይተኛም ብዬ ነበር፤ ጋናዊቷ በማግሥቱ እውነት መሆኑን መሰከረች።

ሌላው ጠላታችን የግድግዳው ሰዓት ነበር። ልጁ በሩን ሲከፍት አሥር ከሩብ ይላል፤ ሦስት እርምጃ ገብቶ ሲኒውን ሲያይ ሰባት ተኩል። ሁለት ቀን ሙሉ የቀረጽነውን አየሁት፤ የታየው ለእናቴ ነው። «ይኼ ሰዓት ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄድ?» አለች ካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ላይ አጎንብሳ። ባትሪውን አውጥተን እንደገና ጀመርን።

በስም ዝርዝሩ ላይ የሚታዩት እጆች የእሷ ናቸው። ለፊቷ እንጂ ለእጇ ክልከላ አላወጣችም። ቡና ሲታጠብ፣ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ሲቀዳ፤ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ስም። ሰቨንን የቀዳን መስሎን ነበር፤ ግን ያ እጅ ሰው ያስፈራል፣ የእሷ እጅ ሰው ይጠራል። እጆቹ ከታሪኩ ጋር ሲቀጣጠሉ ምን እንደሚወጣቸው ያወቅነው ኤዲት ላይ ነው። ሲኒ ያቀረበው እጅ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የለም።

ድምፁን ፖላንዳዊው ነው የተቆጣጠረው። የሐብሐቡን ወሬ ያኔ አስታወሰ። ሙዚቃ መውሰድ አይቻልም፤ የሚጫወት ደግሞ ከመካከላችን የለም። ሙቀጫና ዘነዘናውን ሲያይ ግን ማይኩን ወለሉ ላይ አስተኝቶ እናቴን «ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ» እያስባለኝ ሩብ ሰዓት አስወቀጣት። ኮምፒውተሩ ላይ ወስዶ ግማሽ በግማሽ አዘገየውና ድምፁን አወፈረው። የሰው ልብ ሆነ። የሚፈነዳው የቡና ፍሬ ራቅ ብሎ የሚነድ እሳት ሆነ። በመሃል የጭስ ማንቂያው ጮኾ እናቴ በፎጣ ስታራግብ የተቀዳውንም ሊጨምረው ለምኖን ነበር። አበሻ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያን ድምፅ ሲሰማ እንደሚስቅ ነግሬው ተወው።

የግምገማውን ሰባት ጥያቄ በአንድ ሳምንት ጨረስነው። ፊልሙን ማን ያከፋፍለዋል ለሚለው የትንንሽ ፊልሞች ወዳጅ የሆነ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጻፍን፤ የዕድሜ ገደቡን 15 አልን፣ ምንም ደም ባይፈስም፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ፊልሙ ለትንንሾች ነው እንዲባልበት አይፈልግም። የኅብረተሰብ ክፍል የሚለውን እኔ ጻፍኩት። ስለ ኮፍያው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ስለ መንገድ መሻገሩ አልጻፍኩም።

*

ግምገማውን ከመጻፋችን በፊት ግን፣ ገና ሙዚቃ የመሰለውን ነገር እየደራረብን ሳለ፣ አንድ እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁለት ደቂቃውን አሳየኋት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። እጇን ስታይ «ይቺ ቀለበት እንዲህ ትሰፋኛለች እንዴ?» አለች። ከዚያ በሩ ገርበብ ብሎ ታየ። ዝም አለች። ሲያልቅ ጥቁሩን ስክሪን እያየች ቆየች።

«ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት።

«ሬዲዮውስ?»

«የምን ሬዲዮ?»

«ሰው እንዲህ ተነስቶ ሲሄድ ሬዲዮ አይዘጋም። ሬዲዮው እያወራ መሆን አለበት።»

ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ሬዲዮ፣ ከግድግዳ ጀርባ፣ ዝግ ያለ። ገና እየጻፍኩ ነው ሌላው የገባኝ። እናቴ ተነስታ፣ ያልቆሸሹትን ሲኒዎች ማጠብ ጀምራ ነበር።

«ግንቦት ነው» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «ስልሳ ዘጠኝ። የአሰሳው ጊዜ። ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩ እንዲሁ ነበር። ቡና አልነበረም፤ ምሳ ነው። የተቆረሰ እንጀራ። ሬዲዮው ግን ይናገራል። ሰውዬው ዝም ብሎ ይናገራል።»

አጎት እንደነበረኝ አውቃለሁ። አንድ ፎቶ አለ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሱሪው ከታች የሰፋ። እንዴት እንደሞተ ሲነሳ ግን «በዚያ ጊዜ» ከሚለው ቃል አልፎ የሚሄድ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም.፣ ደርግ ቤት ለቤት እያሰሰ ሰው በሚለቅምበት ጊዜ፣ እናቴ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ዘጋሁታ!» አለች። ሬዲዮውን ማለቷ ነው። ሲኒውን ገልብጣ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች።

ለጓደኞቼ የነገርኳቸው ሬዲዮ እንደሚያስፈልገን ብቻ ነው። ከየትም የተቀዳ ማስገባት አንችልም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ተናጋሪ ሆኖ መቀዳት አለበት፣ በአማርኛ። እኔ ሞከርኩ፤ የለንደን አማርኛዬን ሰምቼ ራሴ አጠፋሁት። «እናትህስ?» አለች ካሜራ ያዧ።

«እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ተናጋሪ ልሁን?» አለች እናቴ። ግን መነጽሯን አደረገች።

ክፍል ውስጥ ብትናገር ድምፁ ያስተጋባል፤ ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሣጥን ግን ከየትኛውም ስቱዲዮ አይተናነስም። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን በካፖርቶችና በሐበሻ ቀሚሶች መካከል አስገባች። ፖላንዳዊው ማዳመጫውን አድርጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ምን እንደምታነብ አልተስማማንም ነበር፤ እኔ ይሆናል ብዬ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አቅርቤላታለሁ። አላየችውም።

ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ የማላውቀው ሰው ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ የተለጠጠ፣ እያንዳንዱን ቃል በጡጫ የሚያስቀምጥ። «ጓዶች!» ብሎ ይጀምራል። የማላውቃቸው ቃላት፣ መጨረሻቸው የማይመጣ ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆና በቃሏ የያዘችውን ነው። አንድም ቃል የማይገባው ፖላንዳዊ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጭኖ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ «ይበቃል» አላልኩም።

ፊልሙ ውስጥ የገባው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ ቅጥነቱም ውፍረቱም ተቆርጦለት፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ እንዲመስል። ክፍል ውስጥ ሲታይ ማንም ምን እንደሚል አልጠየቀም።

ሙሉው ፋይል ዛሬም አለኝ። አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ነው። አርባ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ሰውዬው ትንፋሽ ያጥረውና መሃል ቃል ላይ ያቆማል። የልብስ መንጠቆ ሲጋጭ ይሰማል። ሳቋ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።